“ለጌጥ ነው” ብዬ የመለስኩት ማመልከቻ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር፤ ዲላ)



በየዓመቱ በዚህ መድረክ ላይ የምታውቁኝ በገቢና በወጪ ነው። ይህን ያህል ተቆጠበ፣ ይህን ያህል ተበደረ፣ ይህን ያህል ተመለሰ እላለሁ፤ እናንተም አጨብጭባችሁልኝ ወደ ቡናው ትሄዳላችሁ። ዘንድሮ የሒሳብ ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስለገባ አስተባባሪዎቻችን “አንቺ ደግሞ ዛሬ ሌላ ነገር ንገሪን፤ ስለ ሴት ልጅ የፈጠራ ሥራ ተናገሪ” አሉኝ። እኔ ከኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅኩት በሒሳብ አያያዝ እንጂ በሥነ ጥበብ አይደለም። ግን እሺ አልኩ፤ ምክንያት ስላለኝ ነው። በመዝገቤ ውስጥ አንድ ስህተት አለ። ኦዲተር አላገኘውም፤ ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ሊያገኘውም አይችልም። ዛሬ ራሴ ላወጣው መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የብድር ማመልከቻዎችን ስንመረምር፣ እኔ እትዬ ብዬ የምጠራቸው አንዲት አባላችን ያስገቡት ወረቀት ደረሰኝ። የሌሎቹ ለጉሊት ንግድ፣ ለበግ ማድለቢያ፣ ለእንጀራ ምጣድ የሚል ነበር። የእሳቸው ግን “ለአለላ፣ ለስንደዶና ለቀለም መግዣ፤ መሶብ ለመስፋት” ይላል። ከወረቀቱ ጋር አንድ ትንሽ ሰፌድ ልከው ነበር። እኔም እንደ ደንቡ ጠየቅኳቸው፦ “እትዬ፣ በወር ስንት መሶብ ያወጣሉ?” እሳቸውም ሳቅ ብለው “ልጄ፣ አንዱ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፈጃል፤ እንደ መጣልኝ ነው የምሰፋው” አሉኝ።

“እንደ መጣልኝ” የሚል ነገር የብድር መመለሻ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክርቢቶ “ለጌጥ ነው፤ ገቢ አያስገኝም” ብዬ ጻፍኩና ለኮሚቴው አቀረብኩ። ኮሚቴው እኔን አምኖ ማመልከቻውን መለሰው። ሰፌዷ ግን ሳትመለስ ቢሮዬ ቀረች። ማኅተሙንና የወረቀት መያዣዎቹን አስቀምጥባት ጀመር። ዳሯ ቀይ ነው፤ ከዚያ ቡናማ ይከተላል፤ መሐሏ ደግሞ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ታምራለች ብዬ አላውቅም። እቃ መያዣ ነበረች።

ባለፈው ዓመት በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከይርጋጨፌ ስመለስ መኪናችን አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አጠገብ ቆመች። ወርጄ አልጋዎቹን አየሁ። ለማታውቁት እንግዶቻችን ልንገራችሁ፤ አልጋ የምንለው ቡና የሚሰጣበትን ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ ነው። አንዱ አልጋ ላይ ገና የተሰጣ እሸት ቡና ቀልቷል። ከጎኑ ጥቂት ቀን ፀሐይ የመታው ጀንፈል ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣው ነጣ ብሎ ይታያል። ቀይ፣ ቡናማ፣ ነጣ ያለ ቢጫ። ሰፌዷ ነች! እትዬ ለዓመታት በቡና ለቀማ ሥራ በየቀኑ የሚያልፉበትን መንገድ ነበር የሰፉት። እኔም ያንኑ መንገድ መቶ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ያየሁት ግን ኪሎና ዋጋ ብቻ ነው።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ አንዲት ሌላ ሴት ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ሰምታችኋል፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ። ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ፣ ደግሞም መነኩሴ ነበሩ። የእሳቸውን ታሪክ ከእትዬ ሰፌድ ጋር አያይዤ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደሚያያዝ መጨረሻው ላይ ታዩታላችሁ።

እማሆይ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ እህታቸው ደግሞ ደራሲዋ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩትና በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ ናቸው። ሁለቱ እህትማማቾች በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ የውብዳር እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ግን ቤተሰቡ ተማርኮ አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ወጣቷ ወደ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። እዚያ በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፣ አራት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካይሮ ሙቀቱ ስላልተስማማቸው ወደ አገራቸው ተመለሱና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በቢሮ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እንደ እኔ ወረቀት የሚያገላብጡ ሠራተኛ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በለንደን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል መጣላቸው። መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። እኚያ ወጣት ሴት ተስፋ ቆርጠው አልጋ ላይ ወደቁ፤ ለአሥራ ሁለት ቀን ያህል ከቡና በስተቀር እህል አልቀመሱም። ለሞት ተቃርበው ሆስፒታል ገቡ፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ ምናኔ አዘነበለና ወሎ ወደሚገኘው ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ። ለአሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ፒያኖ በሌለበት ተራራ ላይ ኖሩ።

እኛ ቡና አብቃዮች ነን። “አሥራ ሁለት ቀን ቡና ብቻ” የሚለውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እሳቸው የሆነውን እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ተቀብለውታል፤ የምንኩስና ሕይወታቸውንም ወደውት ኖረዋል። ግን እኔ ወረቀት የምፈርም ሰው ስለሆንኩ ሌላ ነገር አየሁ። አንድ ሰው፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ወረቀት ላይ “አይሆንም” ብሏል። ያ ሰው ምናልባት ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ተኝቷል። እኔም በቀይ እስክርቢቶ ጽፌ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እማሆይ ከግሸን ከወረዱ በኋላ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚመላለሱበት መንገድ ላይ በየቀኑ የሚያዩአቸው ልጆች ነበሩ። የዜማ ተማሪዎች ናቸው፤ ለምነው የሚበሉ፣ ደጅ የሚያድሩ። እነዚህን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ የቆሎ ተማሪ እንላቸዋለን፤ ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየጮኸባቸው በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች ሆነ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ በጣም የታወቀው ቤት ስለሌለው ተንከራታች የሚያወሳ ርእስ ያለው ነው። ስዊዘርላንድ የተማሩት ፒያኖ፣ ጎንደር የሰሙት ዜማ፣ በመንገድ ያዩት የልጆች ኑሮ፣ በስደት የቀመሱት ናፍቆት፣ ሁሉም በአንድ እጅ ተገናኙ።

እዚህ ላይ ነው ከእትዬ ጋር የሚገናኙት። አንዷ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዷ ወደ ቡና ለቀማ፣ ሁለቱም በየቀኑ በአንድ መንገድ ይመላለሱ ነበር። ብዙ ሰው በዚያው መንገድ አልፏል። እነሱ ግን አዩት፤ አይተውም ዝም አላሉም። ፈጠራ ማለት ለእኔ አሁን ይሄ ነው። ከሰማይ ዱብ የሚል ነገር፣ ለትልልቅ ከተማና ለሀብታም የተሰጠ ነገር አይደለም። በየቀኑ ከምናየው ውስጥ የምንወደውን መርጠን ማስቀረት ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው ለገበያ ይቀርባል። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ያደገች ሴት ናት። ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ ጫማ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁላችንም የድሃ ጫማ ነው ብለን አልፈነዋል። እሷ ግን ያንን የጎማ ሶል በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ጋር አገናኝታ ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ድርጅት መሠረተች፤ ጫማውም ባሕር ማዶ ተሸጠ። ሥራውን የጀመረችው እናቶች የሚፈትሉበትና አባቶች የሚሸምኑበት ሰፈሯ ውስጥ ሆና ነው።

እኛስ? እኔ ይህን ካሰብኩ በኋላ በቢሮዬ አንድ ነገር አደረግኩ። ለቁጠባ የሚመጡትን እህቶች ደረሰኝ እየቆረጥኩ “ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ? ከምን ተነሥተሽ ነው የምትሠሪው?” ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንዷማ “ወለዱ ተጨመረ እንዴ?” አለችኝ። ቆይተው ግን ተናገሩ። ጥልፍ የምትሠራዋ እህታችን የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበው የሚወጡትን ጥላዎች አይታ ነው ወርቃማውን ክር ከሐምራዊ ጋር የምታጋጥመው። አንዷ የእንሰት ቅጠል ገና ሲፈታ ያለውን አረንጓዴ ትወዳለች፤ ያንን አረንጓዴ በገበያ ክር አጥታ ሁለት ክር ገምዳ ታመጣዋለች። አንዷ አያቷ ይሠሩላት የነበረውን ሹሩባ አስታውሳ የቅርጫቷን ጠርዝ እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች። ሌላዋ ደግሞ “እኔ ምንም አልሠራም” አለችኝ፤ ስትቆይ ግን ስኒዎቿን በረከቦቱ ላይ ስትደረድር ሁልጊዜ አንዱን ወደ ጎን እንደምታወጣው፣ ለምን እንደምታደርገው ባታውቅም ካላወጣችው እንደማያምርላት ነገረችኝ። ይህ ሁሉ ሀብት በማኅበራችን ውስጥ አለ። በአባልነት ፎርማችን ላይ ግን ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የትምህርት ደረጃና የወር ገቢ ብቻ ነው የምንጠይቀው።

ደግሞ እኮ ያለንበት አገር ራሱ ይህን ያስተምረናል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የተመዘገበው ቤተ መንግሥት አይደለም። ትልልቅ ዛፍ ከላይ፣ ቡና ከሥሩ፣ እንሰት ከመሐል አድርጎ ዳገቱን ሳያራቁት የኖረ ሕዝብ የእጅ ሥራ ነው። እንሰቱን የሚፍቀው፣ ቆጮውን የሚያዘጋጀው የማን እጅ እንደሆነ ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የጌዴኦ ጓሮ ሲታይ የትኛው ለሆድ፣ የትኛው ለዓይን እንደተተከለ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ያበላል፤ ያምራል። እኔ ነኝ በወረቀት ጠርዝ ላይ ጌጥና ጥቅምን የለያየሁት።

አሁን የሒሳብ ሰው ነኝና በሒሳብ ላሳያችሁ። ለምሳሌ ያህል አንድ መሶብ እንውሰድ። ለአለላ፣ ለስንደዶና ለቀለም 600 ብር ወጣ እንበል። ሥራው 90 ሰዓት ፈጀ። መሶቡ በ1,500 ብር ተሸጠ። አብዛኞቻችን “900 ብር አተረፍኩ” እንላለን። ሰዓቱን ስናስገባ ግን 900 ሲካፈል ለ90፣ በሰዓት 10 ብር ነው። ስለዚህ እኔ “አያዋጣም” ያልኩት በቁጥር ስህተት አልነበረም።

ስህተቱ ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ሣር፣ ያው 90 ሰዓት ሆኖ፣ መሶቡ የራሱ መልክና የራሱ ታሪክ ቢኖረው፣ ገዢውም “ይህን የሠራችው እገሊት ናት፤ የጌዴኦን ቡና ከእሸት እስከ ታጠበ ያሳያል” ብሎ ቢያውቀውና በ3,300 ብር ቢሸጥ፣ የሣሩ 600 ሲቀነስ 2,700 ይቀራል። በሰዓት 30 ብር። ሦስት እጥፍ! ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሣሩ አይደለም። ከሰዓቱም አይደለም። ከሴትየዋ ዓይን ነው፤ ከመረጠችው ነው። እኔ “ለጌጥ ነው” ብዬ የሰረዝኩት ያንን ነበር። ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ዋጋ የሚጨምረውን ብቻ ነጥዬ ሰረዝኩት።

ስምና መልክ ዋጋ እንዳለው ከእኛ ከጌዴኦዎች በላይ ሊያውቅ የሚገባው የለም። የይርጋጨፌ ስም ዓለም ላይ ገበያ አለው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ማመልከቻ ስታስገባ፣ ጉዳዩ ከትልቁ የቡና ድርጅት ከስታርባክስ ጋር ሳይቀር አከራክሮ በ2007 በስምምነት አልቋል። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ፍሬው አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበር። የቡናችን ስም እንዲያ ከተከበረ የሴቶቻችን ስም ለምን በሥራቸው ላይ አይጻፍም?

ታዲያ ሁሉ ነገር ለገበያ ይሁን ማለቴ አይደለም። እማሆይ ሸክላ ያሳተሙት ለራሳቸው ሀብት ለማካበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖሩ። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ፒያኖ፣ የኖታ ወረቀቶችና ራሳቸው የሳሏቸው ቅዱሳት ሥዕሎች ነበሩ። ምን እንደሚወዱ ለማወቅ ያቺን ክፍል ማየት ይበቃል። ያለ ገበያም፣ ያለ አጨብጫቢም በየቀኑ ይሠሩ ነበር። ሴት ልጅ የምትወደውን ነገር መሥራቷ በራሱ ሕይወት ያቆያል። በ2010 ዓ.ም. ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለው የመጡ እናቶችን በየመጠለያው ስንረዳ ይህን አይቻለሁ። ብርድ ልብስና ዱቄት ከተቀበሉ በኋላ አንዷ እናት የጠየቀችን ክርና መርፌ ነበር። የሚቀደድ ልብስ ኖሯት አይደለም፤ እጇ ሥራ ፈትቶ ሐሳብ እንዳይበላት ነው። ያን ጊዜ በዕርዳታ ዝርዝሩ ላይ “ክርና መርፌ” የሚል መስመር ስላልነበረ ከኪሳችን አዋጥተን ገዛንላት።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከእማሆይ ታሪክ ለማኅበራችን የሚሆን ሦስት ነገር አውጥቻለሁ። ሦስቱንም እንደ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው ይወስንበት።

አንደኛው ጊዜ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ዘጠኝ ሰዓት አስታውሱ። ከእኛ ውስጥ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አብልታ፣ ቆጮ ጋግራ ዘጠኝ ሰዓት የሚተርፋት ማን ናት? ዘጠኝ ደቂቃም አይተርፈንም። ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ቀን፣ ከስብሰባችን በፊት ለሁለት ሰዓት አዳራሹ ለእጅ ሥራ ይከፈት። ልጆቹን ተራ ገብተን እንጠብቅ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ሁለተኛው ብር ነው። ከተዘዋዋሪ ፈንዳችን ውስጥ ትንሽ ድርሻ “የእጅ ጥበብ ብድር” ተብሎ ይለይ። የመመለሻ ጊዜው በየወሩ መሆኑ ቀርቶ ሥራው ተሸጦ ሲያልቅ ይሁን፤ የመጨረሻ ቀን ግን ይቀመጥለት። ይህን የምለው ሒሳቡን ሠርቼ ነው። ለበግ ማድለቢያ ስናበድር በጉ እስኪደልብ እንጠብቅ የለም ወይ? መሶብም ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛው መዝገብ ነው፤ ይህ የእኔው ሥራ ነው። የእማሆይ ሸክላዎች ከታተሙ በኋላ ለብዙ ዓመት የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሳትመው በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ 21ኛ ሆኖ ሲወጣ ነው። በእርሳስ ጽፈው በቦርሳ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያከማቿቸው ኖታዎች ደግሞ በ2013 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ፤ ዘጠናኛ ዓመታቸው ገደማ ማለት ነው። ቦርሳው ቢጠፋስ ኖሮ? በሒሳብ ትምህርት ያልተመዘገበ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ደብተር እንክፈት። ሥራው ፎቶ ይነሣ፤ የሠራችው ሴት ስም፣ የሠራችበት ቀንና “ከምን ተነሣሽ?” ለሚለው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ይጻፍ። ነገ አንድ ነጋዴ ጥለታችንን ወስዶ በማሽን ቢያባዛው እንኳ የማን እንደነበረ የምናሳይበት ወረቀት ይኖረናል። ልጆቻችንም እናቶቻቸው ምን ይወዱ እንደነበር ያውቃሉ።

ለደጋፊዎቻችንም አንዲት ቃል አለችኝ። ስለ ድጋፋችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። በየሩብ ዓመቱ ስንት ሴት ሠለጠነች፣ ስንት ብር ገባ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ ትክክል ነው፤ ገንዘባችሁ ነውና ጠይቁ። እኔም በታማኝነት እሞላዋለሁ። ግን ከቅጹ ሥር አንዲት መስመር ጨምሩልን፤ “በዚህ ሩብ ዓመት ምን አዲስ ነገር ተሠራ? ማን ሠራችው?” የምትል። እናንተ የማትጠይቁትን እኛ መዝገብ ላይ አናሰፍረውም፤ ያላሰፈርነውን ደግሞ ቀስ በቀስ መሥራት እናቆማለን።

ልጨርስ ነው። ከይርጋጨፌ መንገድ ከተመለስኩ በኋላ በነጋታው ሰፌዷን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ማመልከቻውን እንደገና እንዲያስገቡም ለመንኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ብሩንስ ከዕድሬም ከጎረቤትም አላጣውም ነበር። ግን አንቺ የተማርሽው ልጅ ‘ለጌጥ ነው’ ስትዪኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። ወስፌዬን አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ዓይኔ እንደ ድሮው አያይልኝም።”

እናንተ እህቶቼ፣ ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ሁለት ዓመት የዓይን ብርሃን በብር አይተመንም። የመለስኩት ብድር ትንሽ ነበር፤ የጎዳሁት ግን በእኔ መዝገብ አይታይም።

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። እትዬ ግን በሕይወት አሉ፤ ዛሬም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራም። ዓይናቸው ቢደክምም ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ መስፋት ጀምራለች። እሳቸው ቀለም ይመርጣሉ፤ እሷ ትሰፋለች። “እዚህ ጋ ቀዩን አብዢው፤ ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ነው” ይሏታል። አዲስ ማመልከቻም አስገብተዋል፤ በእናትና በልጅ ስም ነው።

በሒሳብ አያያዝ አንድ ደንብ አለ። የተሳሳተ ምዝገባ በላጲስ አይጠፋም፤ አይፋቅም፤ አይቀደድም። ስህተቱ በቦታው እንዳለ ሆኖ ከሥሩ የማረሚያ ምዝገባ ይጻፋል፤ ቀኑና ፊርማው ይሰፍራል። የእኔም ቀይ እስክርቢቶ በዚያ ወረቀት ላይ እንዳለ ይኖራል። ዛሬ በእናንተ ፊት ማረሚያውን እጽፋለሁ፦ “ለጌጥ ነው” ያልኩት ስህተት ነበር፤ ሀብት ነው።

ሰፌዷ እነሆ፣ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ስትወጡ እዩዋት። ከዚያ ደግሞ ወደ ቤታችሁ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ሂዱ። በወሩ መጨረሻ ለቁጠባ ስትመጡ ምን እንዳያችሁ እጠይቃችኋለሁ፤ ደብተሩን ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ።